ከጎረቤት የተጫረ እሳት

ክብሪት በየቤቱ ባልገባበት ዘመን፣ በሐዲያና በከምባታ አገር ምድጃው የጠፋበት ቤት ሌላ ብልሃት አልነበረውም፤ ልጅ ወደ ጎረቤት ይላክና እሳት ይጭር ነበር። ልጁ የተሰበረ የሸክላ ገል ይይዛል፤ በገሉ ላይ ጥቂት አመድ ይነሰነሳል፤ ጎረቤቲቱም ከምድጃዋ ሁለት ሦስት ፍም ታኖርለታለች። እርሱም ነፋስ እንዳይበትንበት በእጁ እየከለለ፣ እንዳይሞትበትም አልፎ አልፎ እፍ እያለ ወደ ቤቱ ይገሰግሳል። በመንገድ ጨዋታ አይቶ የቆመ ልጅ ብዙ ጊዜ አመድ ብቻ ይዞ ይገባ ነበር፤ ከእናቱ ዘንድ የሚጠብቀው ምን እንደ ሆነም ያውቀዋል።

በዚህ ነገር ውስጥ አንድ የሚያስደንቅ ምሥጢር አለ። እህል ያበደረ ሰው ጎተራው ይጎድላል፤ ቅቤ የሰጠች ሴት ቅሏ ይቀልላል። እሳት የሰጠ ሰው ምድጃ ግን እንደ ቀድሞው ይነድዳል። አንድ ቤት ይሞቅ የነበረው ሁለት ቤት ይሞቃል።

እሳት ደግሞ በሌሊት ይዳፈናል። ሁሉም ሊተኛ ሲል የቤቱ እመቤት ፍሙን ሰብስባ አመድ ታለብሰዋለች። የማያውቅ ሰው ቢያየው ጠፍቷል ይላል። ሲነጋ ግን አመዱን ገለጥ አድርጋ እፍ ስትለው ፍሙ ቀልቶ ይታያል።

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ልደት በኢትዮጵያ በታኅሣሥ 29 ቀን ይከበራል፤ በየአራት ዓመቱም አንድ ጊዜ በ28 ቀን ይውላል። በዚህ ወር በሆሳዕና ደጋ ሰማዩ ይጠራል፤ ሌሊቱም ብርቱ ብርድ ነው። በብዙ አገር ያሉ እረኞች ደግሞ የገናን ዱላ ቆርጠው በሜዳ ላይ ሩር ይመታሉ። ይህም ጨዋታ የቤተ ልሔም እረኞች የልደቱን ዜና በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው ብዛት በበትራቸው እንደ ተጫወቱ ለማስታወስ ነው ተብሎ ከጥንት ጀምሮ ይነገራል።

የምሥራቹ መጀመሪያ የተነገረው ለማን ነበር? በኢየሩሳሌም ለነገሠው ለሄሮድስ አልነበረም። መጻሕፍትን ለሚያውቁት ለጸሐፍትም አልነበረም። ሉቃስ በወንጌሉ በ2ኛው ምዕራፍ እንደ ጻፈው፣ በሌሊት በሜዳ መንጋቸውን ለሚጠብቁ እረኞች ነበር። እነርሱም ፈጥነው ሄዱ፤ ሕፃኑን በግርግም ተኝቶ አዩ፤ የሰሙትንና ያዩትንም ለሰው ሁሉ ተናገሩ። ከዚያም ወደ መንጋቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ሊቃውንት ወይም መኳንንት ሆኑ ተብሎ አልተጻፈም። የሰሙትን ለመናገር ግን ሊቃውንት እስኪሆኑ ድረስ አልቆዩም።

ይህ የምሥራች ወደ ራሱ አገር በማን እጅ እንደ ደረሰ ማወቅ ለሆሳዕና ልጅ ይገባዋል። ከተማይቱ ቀድሞ ዋቸሞ ትባል ነበር፤ ኋላ የወጣላት ስም ጌታ ወደ ኢየሩሳሌም የገባበት የዘንባባው በዓል ስም ነው። የክርስቶስ ስም በሐዲያ ልጆች ዘንድ የታወቀው በቅርብ ዘመን ብቻ ነው የሚል ሰው ግን ይሳሳታል። በ15ኛው መቶ ዓመት የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት የነበረችው ንግሥት እሌኒ የሐዲያ ልጅ ነበረች፤ በክርስትናዋና በጥበቧም እስከ ዛሬ ስሟ ይነሣል። ሆኖም በየገጠሩ መንደር ወንጌሉን በሚሰማው ቋንቋ የሚነግረው ያላገኘ ሰው ብዙ ነበር።

በ1920 ዓ.ም. የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን ሰዎች በሐኪሙ በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ደቡብ ወረዱ። በሆሳዕና፣ በወላይታ ሶዶና በሲዳሞም ተቀመጡ። በሽተኛ ያክሙ፣ ፊደል ያስተምሩ፣ ወንጌልም ይሰብኩ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያመኑት ሰዎች ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ወረረች። ሚሲዮናውያኑም ከደቡቡ አገር መውጣት ግድ ሆነባቸው፤ በወላይታ የነበሩት የወጡት በ1929 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በወላይታ የተጠመቁት ሰዎች ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ በሐዲያና በከምባታም ያመኑት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። ከእነዚህም መካከል ማንበብ የሚያውቁት ከጥቂት ጥቂት ነበሩ። መጽሐፉ ውድ ነው፤ መምህሩ ሄዷል፤ አገሩ በጦርነት ታውኳል። እሳቱ ጠፋ ብሎ ያሰበ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም።

እሳቱ ግን ተዳፍኖ ነበር እንጂ አልጠፋም። ማንበብ የሚያውቀው ለማያውቀው አነበበለት፤ የሰማውም ወደ ቤቱ ሲመለስ ለሚስቱና ለጎረቤቱ ነገረ። በወላይታ ዋንዳሮ የሚባለው ሰው ስለ እምነቱ ተገረፈ፤ ታሰረም፤ ነገር ግን ከመናገር አልተወም። ሌሎችም ስንቃቸውን በትከሻቸው አድርገው ወደ ጎረቤት አገር ተሻገሩ። ከእነርሱ አብዛኞቹ በዶማና በሞፈር የሚኖሩ ገበሬዎች ነበሩ። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከአገሩ ከወጣ በኋላ ሚሲዮናውያኑ ተመልሰው ሲመጡ፣ በወላይታ ያመኑት ወደ 10,000 እንደ ደረሱ ሰሙ። በሆሳዕናና በከምባታ ዙሪያም እነርሱ ያልመሠረቱት ብዙ ጉባኤ ቆሞ አገኙ። ከባሕር ማዶ የመጡት ፍሙን አምጥተው ነበር፤ ከቤት ወደ ቤት ያዳረሱት ግን የአገሩ ሰዎች ናቸው።

ከታላቁ ነገር ደግሞ ወደ አንዲት ትንሽ ጎጆ መመለስ ይገባል፤ ይህም ለምሳሌ የሚነገር ነው። በሆሳዕና አጠገብ በአንድ መንደር ፊደል የምትማር ልጅ ነበረች። በክረምት አባቷና የጎረቤታቸው አሮጊት በሁለት ረድፍ እንሰት ተጣሉ። አባቷ ድንበሩ ከእንሰቱ ወዲያ ነው ይላል፤ አሮጊቷ እንሰቱን የተከለው ባሌ ነው ትላለች። ከዚያ ወዲህ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት እሳት ሊጭር የሄደ ልጅ አልነበረም። ከዚያ በፊት ግን ልጅቱ የአሮጊቷን ምድጃ ከገዛ ቤቷ ምድጃ ለይታ አታውቅም ነበር።

በገና ዋዜማ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ልጅቱ ጥጆቹን ልታስገባ ወጣች። በመንደሩ ካለው ጎጆ ሁሉ በሣሩ ክዳን መካከል ጢስ ይወጣል፤ ከአሮጊቷ ጎጆ ግን አይወጣም። አሮጊቷ ከአንድ ሕፃን የልጅ ልጅ በቀር በቤቷ ማንም የላትም፤ ሌላውም ጎረቤት ያለው ከወንዙ ማዶ ነው። ልጅቱም ምድጃው እንደ ጠፋ፣ አሮጊቷም አፍራ እንዳልመጣች ገባት።

በዚያ ቀን በትምህርት ቤት የእረኞቹን ታሪክ ተምረው፣ እያንዳንዱ ልጅ በብጣሽ ወረቀት ገልብጦ ወደ ቤቱ ወስዶ ነበር። ልጅቱ ለማንም ሳትነግር ፍሙን ወስዳ መስጠት ትችል ነበር። ነገር ግን ተሰርቆ የሚሰጥ እሳት አልወደደችም። ገብታ በአባቷ ፊት ቆመች።

«አባቴ፣ ከእማማ ቤት ጢስ አይወጣም» አለች።

አባቷ ዝም አለ።

«እሳት ልውሰድላቸው?»

አሁንም አልመለሰላትም፤ ምድጃውን እየተመለከተ ቆየ። እናቷም ጎመን መክተፏን ተወች። በመጨረሻ አባትየው ተነሥቶ ከግድግዳው ሥር ገሉን አነሣ፤ አመድ ነሰነሰበት፤ ከምድጃውም ትልልቁን ፍም መርጦ አኖረበት። ገሉን ከሰጣት በኋላ ሂጂም አትሂጂም ሳይላት ጀርባውን አዞረ።

አሮጊቷ በሯን ከፍታ ፍሙን ባየች ጊዜ፣ «ማን ላከሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

ልጅቱ ተጨነቀች። አባቴ ላከኝ ብትል ውሸት ይሆንባታል፤ ማንም አልላከኝም ብትልም እውነት አይሆንም። «ፍሙን የመረጡት አባቴ ናቸው» አለች።

አሮጊቷ ምንም አልተናገረችም። ጎንበስ ብላ እፍ እፍ አለችበት፤ ማገዶው ተያያዘ፤ ሕፃኑም ወደ ሙቀቱ ተጠጋ። ልጅቱ ልትሄድ ስትነሣ አሮጊቷ ከነጠላዋ ጫፍ የወጣውን ወረቀት አየች።

«ይህ ምንድር ነው ልጄ?»

«የገና ታሪክ ነው እማማ፤ በትምህርት ቤት የጻፍነው ነው።»

«እስቲ አንብቢልኝ። እኔ ፊደል አላውቅም።»

ልጅቱ ወረቀቱን ወደ ነበልባሉ አስጠግታ ማንበብ ጀመረች። ንባቧ ገና ስላልቀና በየቃሉ ትሰናከል ነበር፤ በአንዳንዱም ፊደል ላይ ቆማ ታስብ ነበር። አሮጊቷ ግን ይህን ከምንም አልቈጠረችውም።

«ቆይ» አለች በመካከሉ። «መልአኩ የነገረው ለማን ነው ያልሽው?»

«ለእረኞች።»

«ለባለ ርስቶቹ አይደለም?»

«አይደለም እማማ። በሌሊት በሜዳ በጎች ለሚጠብቁ እረኞች ነው።»

አሮጊቷ ጥቂት ዝም ብላ ቆየች። ከዚያም፣ «እንግዲያስ ይህን ደግመሽ አንብቢው» አለች። ልጅቱ ደገመችው፤ ሦስተኛም ጊዜ አነበበችው።

ስትመለስ አባቷን ከደጅ አገኘችው። ከብቱ ሁሉ ገብቶ ሳለ ከብት የሚቈጥር መስሎ በብርዱ ቆሞ ነበር፤ ዐይኑ ግን ከአሮጊቷ ጎጆ በሚወጣው ጢስ ላይ ነበር።

«ብዙ ቆየሽ» አላት።

«አነብላቸው ነበር።»

«እንግዲያው ግቢና ለእኛም አንብቢልን» አላት።

በማግሥቱ ማለዳ የአሮጊቷ የልጅ ልጅ ገሉን ይዞ መጣ። ገሉም ባዶውን አልተመለሰም፤ በኮባ የተጠቀለለ ትኩስ ቆጮ ነበረበት። ስለ ሁለቱ ረድፍ እንሰት ሽማግሌዎች የተቀመጡት ከበዓሉ በኋላ ነው፤ ነገሩም በአንድ ቀን አላለቀም። በዚያ ሁሉ መካከል ግን እሳት የሚጭር ልጅ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ይመላለስ ነበር።