ላዶራ ሐይቅ ዳር የሚነበብ ታሪክ

ዴንቨር ባሕር ባይኖራትም የውኃ ዳር የእግር መንገድ አላት። ከኦሮራ ሰሜናዊ ጫፍ ብዙም ሳይርቅ፣ ኮሜርስ ሲቲ ውስጥ የሮኪ ማውንቴን አርሰናል የዱር እንስሳት መጠለያ ይገኛል። ስፋቱ 15 ሺህ ኤከር ገደማ ነው፤ መግቢያውም በነፃ ነው። እኔ አዘውትሬ የምሄደው በላዶራ ሐይቅ ዙሪያ ነው። በብርዱ ወራት ራሱ ነጭ የሆነው የአሜሪካ ንስር ይታያል፤ ባይሰን የሚባለው ጎሽም ሜዳው ላይ ይግጣል።

ቦታው የአራፓሆና የሻያን ሕዝቦች ምድር ነበር። ኋላ ገበሬዎች ሰፈሩበት፤ የሐይቁንም ውኃ ለመስኖ ተጠቀሙበት። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ ጦር ገበሬዎቹን አስነሥቶ የኬሚካል ጦር መሣሪያ ፋብሪካ አቆመ። በዚያም የሰናፍጭ ጋዝ፣ ቆየት ብሎም ሳሪን ተመረተ። ከጦርነቱ በኋላ የፀረ ተባይ ኩባንያዎች ግቢውን ተከራይተው እስከ 1982 ሠሩበት። የፋብሪካዎቹ ዝቃጭ አፈሩንና የከርሰ ምድር ውኃውን በከለ።

የሰናፍጭ ጋዝ ለእኛ እንግዳ ስም አይደለም። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተደረገው የማይጨው ጦርነት በኋላ፣ ወደ አሸንጌ ሐይቅ ያፈገፈገውን ሠራዊታችንን የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች በዚሁ መርዝ ደበደቡት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ላይ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ሲሉ ይህንኑ ግፍ አንሥተዋል። ስለዚህ በላዶራ ዳር ስሄድ አሸንጌም ይታወሰኛል።

እ.ኤ.አ. በ1986 ንስሮች በግቢው ሲያድሩ ተገኙ፤ በ1992 ኮንግረስ ቦታው የዱር እንስሳት መጠለያ እንዲሆን በሕግ ወሰነ። ጎሾቹ በ2007 መጡ፤ ጽዳቱም በ2010 ተጠናቀቀ። ፋብሪካው ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ተሠርቶ መርዝ ማምረት ሲጀምር፣ ጽዳቱ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ዛሬም ከሐይቁ የተጠመደ ዓሣ ተመልሶ ይለቀቃል እንጂ አይበላም፤ የጉድጓድ ውኃው አይጠጣም፤ መኖሪያ ቤትም አይሠራበትም።

እንግዲህ ወደዚህም ሆነ ወደ ሌላ መናፈሻ ስትሄዱ ሦስት ጥያቄዎች ያዙ፦ ከእኛ በፊት እዚህ ማን ነበር? ምን ተሠራበት? እስከ ዛሬ የተከለከለው ምንድን ነው? ከተቻለም አያቶቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። መንገዱ ሜዳ ስለሆነ አይከብዳቸውም። እግረ መንገዳችሁንም ስለ ማይጨውና ስለ አሸንጌ ከወላጆቻቸው የሰሙትን ጠይቋቸው፤ ድምፃቸውንም ቅዱ።