ድስቱ ከምን ቀለጠ?

ኢንቦክስ ላይ ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ በአሉሚኒየም ድስት ማብሰል የመርሳት በሽታ ያመጣል የሚባለው እውነት ነው?»

አልተረጋገጠም። ከምግብ ጋር የሚገባው አሉሚኒየም አብዛኛው ደም ውስጥ ሳይገባ ይወጣል፤ የገባችውን ትንሿን ጤነኛ ኩላሊት ያስወግዳታል። (የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ ግን ሐኪማችሁን አማክሩ።) እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ አሉሚኒየሙ ሲቀልጥ አብሮት ምን ቀለጠ?

ያንን ወፍራም፣ ከባድ ድስት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ትንንሽ ማቅለጫ ቤቶች የሚሠሩት ከውዳቂ ነው፦ ፒስተን፣ የሞተር ክፍል፣ የመስኮት ፍሬም፣ ራዲያተር፣ ቁራሌው የሰበሰበው ሁሉ። ይቀልጥና የአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ይፈሳል። ከዚህ መሃል ቀለም ወይም ብየዳ ያለበት ቁራጭ ካልተለየ ሊድ ይዞ ይገባል። ሊድ ማለት በአማርኛ እርሳስ የምንለው ብረት ነው (መጻፊያው እርሳስ ውስጥ ሊድ የለም፣ አትደንግጡ)።

«እሳቱ አያጠፋውም እንዴ?» አያጠፋውም። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ሊድ ደግሞ በ327 ይቀልጣል፣ ለመፍላት ግን ከ1700 በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ አብዛኛው የትም አይሄድም፤ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። አይታይም፣ አይሸትም፣ በሽቦ ቢፈተግም አይለቅም።

በፈረንጆቹ 2017 የወጣ አንድ ጥናት ኬንያና ታንዛኒያን ጨምሮ ከ10 አገሮች የተሰበሰቡ 42 የአሉሚኒየም ማብሰያዎችን መርምሮ ነበር። ከሲሶ በላይ የሚሆኑት በአንድ ሰው የምግብ መጠን 1 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሊድ ለቀዋል። ትንሽ ይመስላል። ግን ድስት በየቀኑ ነው የሚጣደው፣ ለሊድ ደግሞ «ይሄን ያህል ችግር የለውም» የሚባል መጠን አይታወቅም። የልጆችን የአእምሮ እድገትና ትምህርት የመቀበል አቅም ይጎዳል፤ ከነፍሰ ጡር እናት ወደ ጽንስ ያልፋል፤ አዋቂ ላይ ደም ግፊትና የኩላሊት ጉዳት ያስከትላል።

ድስቱን ዛሬውኑ ጣሉ አልላችሁም፣ ኑሮውን አውቀዋለሁ። ቅድሚያ ግን ለልጅ ምግብ ስጡ፦ አጥሚቱና ገንፎው በስቴንለስ ስቲል ይሠራ። ቲማቲም፣ ሎሚ ወይም አቼቶ የገባበትን በዚህ ድስት አታብስሉ፤ አሲድ ብረቱን ይበላዋል። የተረፈ ወጥም እዚያው አይደር።

ማቅለጫ ቤት ለምትሠሩ ወንድሞቼ፦ የመኪና ባትሪ፣ ቀለም የተቀባና በብየዳ የተያያዘ ቁራጭ ምድጃው ውስጥ አታስገቡ። የሥራ ልብሳችሁን እዚያው ቀይሩ፣ ታጥባችሁ ግቡ። አባቱ ሲመጣ ሮጦ የሚያቅፈው ልጅ ብናኙን ከልብሱ ላይ ይወስደዋል።

የደም ሊድ ምርመራ ሁሉም ጋ አይገኝም። ግን ልጃችሁ የደም ማነስ ካለበት አታሳድሩት፣ አሳክሙት፤ ብረት ያነሰው ሰውነት ሊድን አብዝቶ ይመጣል።