ፍሳሽ በሚገባበት ውኃ ስለሚኖር ዓሣና ስለሚሸከመው ባክቴሪያ

ለወረዳ ሹማምንትና ለግብርና ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

በሐይቅ ዳር ገበያ ሁለት የቆሮሶ ዓሣዎች ጎን ለጎን ተጋድመዋል እንበል። የሁለቱም ቅርፊት ያበራል፤ ዓይናቸው አልፈዘዘም፤ ሥጋቸውም በጣት ሲጫኑት ይመለሳል። አንደኛው የተያዘው ከባሕሩ መካከል ከጥልቁ ውኃ ነው፤ ሁለተኛው ግን የከተማው ፍሳሽ ከሚወርድበት አፍ አጠገብ ነው። ሸማች ዋጋውን ይጠይቃል እንጂ ውኃውን አይጠይቅም። በዓይኑ አይቶ ወይም በአፍንጫው አሽትቶ ሁለቱን ለመለየት የሚችል ሰው ደግሞ የለም። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የሚለው ተረት የሰነበተውን ከትኩሱ ለመለየት ይረዳል፤ ትኩስ ሆኖ ሳለ የበሽታ ዘር የተሸከመውን ግን አያስታውቅም።

እንግዲህ የዓሣ ንጽሕና የሚጠበቀው በሁለት በር ነው። አንደኛው በር የሚኖርበት ውኃ ነው፤ ሁለተኛው በር ሆዱ የሚከፈትበት ቢላ ነው። ሹም የሆነ ሰው እነዚህን ሁለት በሮች ካወቀ፣ ሕዝቡን ከበሽታ፣ ዓሣ አጥማጁንም ከድህነት ለመጠበቅ ይችላል።

ባክቴሪያ ምን እንደ ሆነ

ባክቴሪያ የሚባሉት በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሕዋስያን ናቸው። የሆላንድ ሰው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ራሱ በሠራው አጉሊ መነጽር ተመልክቶ፣ በውኃ ጠብታ ውስጥ ስላያቸው ጥቃቅን ፍጥረታት በ1676 ዓ.ም. በደብዳቤ አስታወቀ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1885 ደግሞ ቴዎዶር ኤሸሪክ የተባለ የጀርመን አገር የሕፃናት ሐኪም ከሕፃናት ዓይነ ምድር አንዱን ዓይነት ለይቶ ገለጸ። ይህም ባክቴሪያ በኋላ በሐኪሙ ስም ኤሸሪሺያ ኮላይ፣ በአጭሩም ኢ ኮላይ ተባለ።

ከእነዚህ ተሕዋስያን 500 ያህሉ ጫፍ ለጫፍ ቢሰለፉ የሚሞሉት አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ምግብና ምቹ ሙቀት ሲያገኙ ግን አንዱ በ20 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ይሆናል። ስለዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ በሥጋው ላይ ያረፈው አንዱ፣ ሁሉ ነገር ከተመቸው ቀትር 6 ሰዓት ሲሆን 4,096 ይሆናል። ትኩስ ዓሣ በፀሐይ ላይ ውሎ አይሽጥ የሚባለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለት ወገን ባክቴሪያ

በዓሣ ላይ የሚገኘው ባክቴሪያ በትውልዱ ሁለት ወገን ነው።

የመጀመሪያው ወገን የውኃው ተወላጅ ነው። ከዚህ ወገን አንዱ ኤሮሞናስ ይባላል። ውኃው ንጹሕም ቢሆን አይጠፋም። ውኃው ሲበላሽና አየሩ ሲያንስበት ግን ዓሣው ይደክማል፤ ባክቴሪያውም ይበረታበታል። ያን ጊዜ በዓሣው ገላ ላይ ቀይ ነጠብጣብና ቁስል ይታያል፤ ሆዱም ያብጣል። እንዲህ ያለው ዓሣ ከገበያ መውጣት ይገባዋል። ይህ ወገን በእጁ ላይ ቁስል ያለበትን ዓሣ አጥማጅም ሊጐዳ ይችላል።

ሁለተኛው ወገን ከሰውና ከከብት አንጀት በፍሳሽ የመጣው ነው። በዚህ ውስጥ ኢ ኮላይ፣ የአንጀት ተስቦንና ሌላም የሆድ በሽታ የሚያመጣው ሳልሞኔላ፣ የደም ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ፣ እንዲሁም የኮሌራ ባክቴሪያ ይገኛሉ። ከባድ ነገሩ ዓሣው በእነዚህ አለመታመሙ ነው። ደሙ ቀዝቃዛ የሆነ እንስሳ ስለ ሆነ፣ ለሰው የሚሆነው የበሽታ ዘር ዓሣውን አይጥለውም፤ እርሱ እንደ ደኅና እየዋኘ ይሸከመዋል። ወፍራም ዓሣ ጤነኛ ምግብ ነው ማለት እንግዲህ ስሕተት ነው።

ከዚህም አንድ ጠቃሚ ነገር ይገኛል። ኢ ኮላይ መኖሪያው ደሙ ሙቅ የሆነ ፍጡር አንጀት ነው እንጂ ዓሣ አይደለም። በዓሣው አንጀት በብዛት ከተገኘ፣ ዓሣው የኖረበት ውኃ የሰው ወይም የከብት ዓይነ ምድር እንደ ገባበት የታመነ ምስክር ነው። መርማሪዎችም ሁሉንም የበሽታ ዘር አንድ በአንድ ከመፈለግ ይልቅ በመጀመሪያ ይህን ምስክር የሚጠሩት ስለዚህ ነው።

በዓሣው ገላ የሚያድርበት ስፍራ

ባክቴሪያ በዓሣ ገላ ላይ በእኩልነት አይኖርም። በቆዳው ላይ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ100 እስከ 10,000,000 ይደርሳል። ከራሱ ግራና ቀኝ በክዳኑ ሥር ባለው ቀይ መተንፈሻና በአንጀቱ ውስጥ ግን በአንድ ግራም ከ1,000 እስከ 1,000,000,000 ሊቈጠር ይችላል። ዓሣው ሲተነፍስ ውኃውን በመተንፈሻው ያሳልፋል፤ ሲመገብም ከጭቃውና ከአረንጓዴው ጋራ ይውጠዋል። በውኃው ያለው ሁሉ በእነዚህ ሁለት ስፍራዎች መከማቸቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

የጤነኛ ዓሣ ሥጋ ግን ከባክቴሪያ ንጹሕ ነው። ቆዳውና የሆድ ዕቃው ሽፋን እንደ ቅጥር ይጠብቁታል። ነገር ግን ቅጥሩ ልክ አለው። በእስራኤል አገር በ1980ዎቹ ዓመታት በፍሳሽ ኩሬ ባደጉ ዓሣዎች ላይ የተደረገው ምርመራ እንዳስረዳው፣ በውኃው ያለው ባክቴሪያ ከተወሰነ ቁጥር ካለፈ ወደ ሥጋው ዘልቆ ይገባል፤ ልኩም እንደ ዓሣው ዓይነት ይለያያል። የዓለም የጤና ድርጅት በ1989 ባወጣው መመሪያ፣ ፍሳሽ በሚገባበት የዓሣ ኩሬ ውስጥ በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ ማለት በግማሽ ብርጭቆ ያህል፣ ከዓይነ ምድር የሚመጣው ባክቴሪያ በአማካይ ከ1,000 እንዳይበልጥ መክሯል።

ዓሣውን በንጹሕ ውኃ ለጥቂት ቀን አቆይቶ ማጥራት አንጀቱን ያቀለዋል፤ ወደ ሥጋው የዘለቀውን ግን ፈጽሞ አያወጣም። ስለዚህ የውኃውን በር ሳይጠብቁ በኋላ አጠራዋለሁ ማለት የሚታመን ነገር አይደለም።

የቢላው በር

ከዚህ በላይ እንደ ተነገረው ሥጋው ንጹሕ ከሆነ፣ በሽታው ወደ ሰው አፍ በምን መንገድ ይደርሳል? ብዙውን ጊዜ በቢላ ነው። ሠራተኛው የዓሣውን ሆድ ይቀዳል፤ አንጀቱን ያወጣል፤ ወዲያው በዚያው ቢላ፣ በዚያው ጣውላ ላይ፣ ባልታጠበ እጁ ሥጋውን ፊሌቶ አድርጎ ይገፋል። ከዚያም ሥጋውን ለማጽዳት ብሎ ከሐይቁ ዳር ውኃ ቀድቶ ያጥበዋል። ይህ ማጠብ ሳይሆን ማጉደፍ ነው፤ የዳር ውኃ ከመካከሉ ይልቅ የቆሸሸ ነውና። ዓሣው በሕይወቱ ሳለ ከሥጋው የጠበቀውን፣ ሰው በአንድ አፍታ ይቀባበታል።

እንዲህ የተሰናዳው ሥጋ በደንብ ከበሰለ እሳቱ ያድነዋል። ጥሬውን ወይም ለብለብ ብሎ ለሚበላ ግን የሚያድነው የለም። ሎሚ ሥጋውን ያነጣዋል፤ የበሰለም ያስመስለዋል፤ ሆኖም የእሳትን ሥራ አይሠራም። ሚጥሚጣና አዋዜም ምላስን ያቃጥላሉ እንጂ ባክቴሪያውን ለማጥፋት የሚታመኑ አይደሉም። በረዶም ባክቴሪያውን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም።

ከካልካታ የሚገኝ ትምህርት

ፍሳሽ የነካው ዓሣ ሁሉ ይጣል እንዳይባል፣ የሕንድ አገር ከተማ ካልካታን መመልከት ይበቃል። ሮበርት ኮኽ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1884 የኮሌራን ባክቴሪያ በዚያች ከተማ በአንድ ኩሬ ውኃ ውስጥ አግኝቶታል፤ የኩሬው አካባቢ ሰዎችም ከዚያው ይጠጡና በዚያው ይታጠቡ ነበር። ያችው ከተማ ከ1930 ገደማ ጀምሮ በስተ ምሥራቅዋ ባለው ረግረግ ፍሳሽዋን በቦይ እየመራች ዓሣ ታረባበታለች። ቦታው ከእርሻውና ከመንደሩ ጋራ 12,500 ሄክታር ያህል ሲሆን፣ በ2002 በራምሳር ስምምነት ጥበቃ ከሚደረግላቸው ረግረጎች መዝገብ ገብቷል።

የሥራው ምሥጢር ትዕግሥት ነው። ፍሳሹ ጥልቀት በሌለው ኩሬ ይተኛል፤ ደለሉ ይዘቅጣል፤ አረንጓዴው በቅሎ አየር ይሰጠዋል፤ ፀሐይም ባክቴሪያውን ይገድላል። ዓሣው የሚገባው ውኃው ከጠራ በኋላ ነው፤ ከዚያም ወዲያ ፍሳሹ የሚለቀቀው በመጠን ነው። ያልታረፈበት ፍሳሽ ጠላት ነው፤ ቆይቶ የጠራው ግን የዓሣ መኖ ይሆናል። በዚያም ቢሆን የሕዝቡ ልማድ ዓሣውን አብስሎ መብላት መሆኑ ትልቅ ጋሻ ሆኖለታል።

በአገራችን ያለው ሁኔታ

በኢትዮጵያ ፍሳሹ ወደ ዓሣው የሚደርሰው በእንዲህ ያለ ሥርዓት ሳይሆን በወንዝ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን አቋርጠው የከተማውን ጉድፍ ተሸክመው በአባ ሳሙኤል ግድብ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባሉ። አዋሽ ደግሞ ወደ ቆቃ ሐይቅ ይወርዳል። በቆቃ መረቡን የሚጥለው ሰው የአዲስ አበባን ቦይ አይቶት አያውቅም፤ ነገር ግን ከእርሱ ጋራ ጎረቤት ነው።

የሐዋሳ ሐይቅ ነገር ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። የገባው ሁሉ በዚያው ይቀራል። በሐይቁ ዳርም ትኩስ ዓሣ ጥሬውን መብላት የተወደደ ልማድ ነው። የጾም ወራት ሲደርስ በየከተማው የዓሣ ገበያ ይደራል፤ ሠራተኛው ይቸኩላል፤ ቢላውም ሳይታጠብ ይውላል።

ስለዚህ ነገር ወሬ በተነሣ ጊዜ ሹማምንት በሁለት ስሕተት ይወድቃሉ። አንዱ ዓሣ እንዳይሸጥ ፈጽሞ ይከለክላል፤ የዓሣ አጥማጁ ልጆች ጦማቸውን ያድራሉ፤ ዓሣውም በስውር ይሸጣል፤ የተሰወረውን ደግሞ ማንም አይመረምረውም። ሁለተኛው «አባቶቻችን ሲበሉት ኖረዋል» ብሎ ዝም ይላል። አባቶች መብላታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን በእነርሱ ዘመን ከሐይቁ በላይ ይህን ያህል ከተማ አልነበረም።

የሹሙ ተግባር

1ኛ፤ በወረዳው ያለው ቦይና ወንዝ ሁሉ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚገባ በእግሩ ሄዶ ይይ፤ በካርታም ያስጽፍ። የሆስፒታል፣ የቄራና የፋብሪካ ፍሳሽ ያለበትን ለይቶ ይመዝግብ። ከሆስፒታል የሚወጣው መድኃኒት የማይበግራቸውን ባክቴሪያዎች ሊይዝ ስለሚችል የባሰ ነው።

2ኛ፤ ከዓሣ አጥማጆች ማኅበር ጋራ ተማክሮ፣ ፍሳሹ በሚገባበት አፍ አጠገብ መረብ እንዳይጣል ወሰን ያስተክል። በምክር የተተከለ ወሰን በትእዛዝ ብቻ ከተተከለው ይልቅ ይከበራል።

3ኛ፤ ውኃው በየወቅቱ፣ ይልቁንም በክረምት መግቢያ የመጀመሪያው ጎርፍ ሲወርድ ይመርመር። ናሙናው በተቀቀለ ንጹሕ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ ከብርሃን ተከልሎ፣ በበረዶ ቀዝቅዞ በዚያው ቀን ወደ ላቦራቶሪ ይድረስ።

4ኛ፤ ዓሣ የሚበለትበት ስፍራ ከመሬት ከፍ ያለ፣ የሚታጠብ ጣውላ ይኑረው። አንጀት የሚያወጣው ቢላና ሥጋ የሚገፋው ቢላ ይለያዩ፤ ከተቻለም ሠራተኞቹ ይለያዩ። መታጠቢያው የሚጠጣ ውኃ እንጂ የሐይቁ ዳር ውኃ አይሁን።

5ኛ፤ የወጣው አንጀት ተቀብሮ ይጥፋ እንጂ ወደ ውኃው አይመለስ። እጁ የቆሰለ ሠራተኛም ቁስሉን ሳይሸፍን ዓሣ አይንካ።

6ኛ፤ ዓሣው ከውኃ እንደ ወጣ በጥላ ይቀመጥ፤ በረዶ ካለ በበረዶ ይሸፈን፤ በረዶውም ከሚጠጣ ውኃ የተሠራ ይሁን።

7ኛ፤ ለሕዝቡ በገበያና በትምህርት ቤት ይነገር፤ ዓሣ እስከ አጥንቱ ድረስ ነጥቶ ሲበስል፣ ማለት ውስጡ 70 ዲግሪ ሙቀት ሲደርስ፣ እነዚህ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ። ሕፃናት፣ እርጉዞች፣ ሽማግሌዎችና ሕመምተኞች ጥሬ ዓሣ ከቶ አይብሉ።

እነዚህ ሁሉ ግን የታችኛውን በር መጠበቅ ናቸው። ፍጹሙ መድኃኒት ከተማ ፍሳሹን ወደ ወንዝ ከመልቀቁ በፊት በማጣሪያ ኩሬ ማሳረፉ ነው። ይህ ገንዘብና ዘመን የሚጠይቅ ስለ ሆነ፣ የሐይቅ ዳር ሹም ብቻውን አይፈጽመውም። ነገር ግን በካርታ የተጻፈውን ቦይና ከላቦራቶሪ የመጣውን ቁጥር አያይዞ ለበላዩ ሹም በጽሑፍ ለማቅረብ ይችላል። ማስረጃ የሌለው አቤቱታ ከመዝገብ ቤት አያልፍም፤ ቁጥር የያዘ ጽሑፍ ግን መልስ ይፈልጋል።

ቁጥሩ እስኪመጣና ማጣሪያውም እስኪሠራ ድረስ ሁለተኛ ቢላ፣ አንድ ባልዲ ንጹሕ ውኃና በቂ እሳት የሚጠይቁት ወጪ ጥቂት ነው። ከዛሬ ጀምሮ በማንኛውም የዓሣ ገበያ ሊገኙ ይችላሉና፣ የሐይቅ ዳር ሹም ሥራውን ከዚህ ይጀምር።