ደባርቅ አድረን ስሜንን በአንድ ቀን ማየት እንችላለን?

ጥያቄ፦ ለመስቀል ጎንደር ዘመድ ጥየቃ እንሄዳለን። ድንኳን ሳንይዝ፣ ደባርቅ አድረን ከልጆቻችን ጋር በስሜን ተራሮች በእግር መጓዝ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ወቅቱንም በደንብ መርጣችኋል። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ሣሩ ለምለም፣ ፏፏቴውም ሙሉ ነው።

ከልጆች ጋር ለሚሄድ ሰው እኔ የምመርጠው ከቡይት ራስ ወደ ሳንቃበር በገደሉ አፋፍ የሚወስደውን መንገድ ነው። ቡይት ራስ ላይ ከመኪና ውረዱና መኪናው ቀድሞ ሳንቃበር ይጠብቃችሁ። በግራችሁ መሬቱ ድንገት ይቆረጥና ቆላው ከሥር ይዘረጋል፤ እዚያ ላይ የልጆቹን እጅ አትልቀቁ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች መንጋ መንጋ ሆነው፣ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ ታገኟቸዋላችሁ። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት የደመቀው፣ ጋማው የሚያምረው ወንዱ ነው። ጸጥ ብላችሁ ብትቀመጡ አይሸሹም። ምግብ ግን በፍጹም አትስጧቸው፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ እንስሳ መቀማትም ይጀምራል።

ጉልበት ከተረፋችሁ ከሳንቃበር አለፍ ብሎ ያለውን የጅንባር ፏፏቴ እዩ። ዋልያ ለማየት ግን እስከ ጨነቅ መዝለቅ ስለሚያስፈልግ ለሌላ ቀን አቆዩት።

ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ትንፋሽ ያጥራል። ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ ውሃ ጠጡ፣ ካፖርትና የዝናብ ልብስ ያዙ። ከሰዓት በኋላ ጉም ስለሚሸፍነው በማለዳ ተነሱ።

የመግቢያ ክፍያውም ጠባቂ ስካውቱም ደባርቅ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። ከጎንደር ሳትነሱ የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታ ደውላችሁ አጣሩ።