የቆመ መኪና ባትሪ ለምን ይሞታል? ከላሊበላ የተገኘ ትምህርት

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ መኪና ባትሪ ምን አገባት የምትሉ አትጠፉም። አጎቴም ያሉት ይህንኑ ነው። ባለፈው ክረምት ለእረፍት ላሊበላ ገብቼ፣ ደብተሬን ይዤ ከመኪናቸው ኮፈን ሥር ሳጎነብስ ቢያገኙኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ እኛ የላክንሽ ጋዜጠኛ እንድትሆኚ ነው ወይስ መካኒክ?» አሉኝ። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። በእኛ ከተማ ስንቱ ቤት የሚተዳደረው ከአንድ አባዱላ ወይም ከአንድ ባጃጅ ነው። እንግዳ ከኤርፖርት ያመጣል፣ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ያደርሳል፣ ለገና የመጣውን ምእመን ያመላልሳል። ያ መኪና በሚፈለግበት ቀን ቁልፉ ዞሮ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ የዓመቱ ዋና ገቢ ሄደ ማለት ነው። ይህ በቤታችን ስለደረሰ ነው የምጽፈው።

የላሊበላ መኪና ድሮም በክረምት ይቆማል። ዝናቡ ሲጠነክር እንግዳው ይቀንሳል፣ በመስከረም ደግሞ ሥራ ይጀመራል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ግን መቆሙ ሌላ ሆነ። በመጋቢት 2012 ኮሮና አገራችን ገባና ቱሪስት ጠፋ። ከሐምሌ 2013 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ከተማዋ በጦርነቱ ውስጥ ነበረች፣ መብራትና ስልክም ተቋርጦ ነበር። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ በክልላችን ግጭቱ ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እንግዲህ አንድ መኪና በጥቂት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ለወራት እንደቆመ ቁጠሩት።

አጎቴ በኮሮናው ጊዜ መኪናቸውን ግቢ አስገብተው ሸራ አለበሱት። በየሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሸራውን ገልጠው፣ ሞተሩን አስነስተው፣ አምስት ደቂቃ ያህል አሙቀው ያጠፉታል። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። እኔም ትክክል ይመስለኝ ነበር። በሁለተኛው ወር ግን አንድ እሑድ አልነሳ አለ። «በየሳምንቱ እያሞቅሁት!» ብለው ተናደዱ። ምክንያቱን የተረዳሁት ዘንድሮ ወልድያ ላይ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አነጋግሬ ሒሳቡን አብረን ስንሠራ ነው።

መኪና ቁልፉ ቢነቀልም ሙሉ በሙሉ አይተኛም። ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ራዲዮው ጣቢያዎቹን ያስታውሳል፣ የሌባ ማንቂያው ይጠብቃል። ለዚህ ሁሉ ከባትሪው ከ20 እስከ 50 ሚሊአምፔር ገደማ ሳይቋረጥ ይወጣል። ትንሽ ይመስላል። 50 ብንል በቀን 1.2፣ በሳምንት 8.4፣ በወር 36 አምፔር ሰዓት ይሆናል። (አምፔር ሰዓት ማለት አንድ አምፔር ለአንድ ሰዓት ሲወጣ ያለው መጠን ነው።) የአጎቴ ባትሪ 70 የተጻፈበት ስለሆነ በአንድ ወር ግማሹ ያልቃል። አሁን የእሑዱን አምስት ደቂቃ እንየው። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ፣ ከዲናሞው ለባትሪው የሚተርፈው 10 አምፔር ነው ብንል እንኳ በአምስት ደቂቃ የሚገባው አንድ አምፔር ሰዓት አይሞላም። ከእሱም ላይ ሞተሪኖው ለማስነሻ የወሰደው ይቀነሳል። ከስምንት በላይ ወጥቶ አንድ እንኳ ካልገባ ቀሪውን ለመመለስ ሞተሩ ሰዓት ያህል መቆየት ነበረበት። ናፍጣ በወረፋ በሚገኝበት አገር ይህ የማይታሰብ ነው።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው ልጁ ሳቀና ከኪሱ 10 ቁጥር ቁልፍ አወጣ። «ይቺ ናት» አለኝ። የኔጌቲቩን ገመድ ፈትቶ ከባትሪው ማላቀቅ፣ በቃ። ያኔ የሚቀረው ባትሪው በራሱ የሚያጣው ብቻ ነው፣ ይኸውም ጤነኛ ከሆነ በወር ከመቶ አምስት እጅ ገደማ። ሦስት ወር ቢቆም ሞልቶ የተተወ ባትሪ አሁንም መኪና ያስነሳል። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗም ይጠቅማል፣ በቀዝቃዛ ቦታ ባትሪ በራሱ የሚያጣው ከቆላው ያነሰ ነውና። በአንጻሩ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ብርዱ የባትሪውን ጉልበት ይቀንሳል፣ የሞተሩንም ዘይት ያወፍራል። ስለዚህ ደከም ያለ ባትሪ የሚያጋልጠው ልክ በገና ሰሞን ነው።

ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቀድማል፣ ሲታሰር ደግሞ መጨረሻ ነው የሚገባው። ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ ቁልፉ የመኪናውን ብረት ከነካ እሳት ይፈነጥቃል። ራሱ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ታጥቦ ይደርቃል፣ ሶዳው ግን ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ። ውሃው ከጎደለ የሚጨመረው የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የታሸገ የመጠጥ ውሃ ማዕድን ስላለው ባትሪውን ይጎዳል። አሲድ ጨምሩ የሚሏችሁንም አትስሙ፣ የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙና «እሱስ ልክ ነው፤ ግን ድምፁን ካልሰማሁት የሞተ ይመስለኛል» አሉኝ። ለካ እሑድ እሑድ የሚያሞቁት ባትሪውን ብቻ አልነበረም።

አሁን ወደ 2013 ልመለስ። በዚያ ክረምት መብራት ሲጠፋ የእጅ ራዲዮው ድንጋይ በሁለት ሳምንት አለቀ። አጎቴ የመኪናውን ባትሪ ፈተው ቤት አስገቡት፣ የመኪናውን ቴፕም ነቅለው አገናኙት። ቴፕ በ12 ቮልት ስለሚሠራ ሌላ ዕቃ አያስፈልገውም። ከኋላ መብራቱም አንዲት አምፖል አውጥተው ሰቀሉ። ማታ ማታ በራችንን ዘግተን፣ ድምፁን ዝቅ አድርገን፣ በመካከለኛ ሞገድ ዜና እንፈልጋለን። ጎረቤትም ይመጣል። የ16 ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ የዜና አንባቢ ድምፅ እንዲህ ይናፈቃል ብዬ አስቤ አላውቅም። እዚህ ትምህርት ክፍል የገባሁት በዚያ ባትሪ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

ባትሪው ግን ለዚህ የተሠራ አልነበረም። ቴፑና አምፖሏ በድምሩ 2 አምፔር ገደማ ቢወስዱ፣ በሌሊት ሦስት ሰዓት 6 አምፔር ሰዓት ነው። 70ው በአሥራ ሁለት ሌሊት አለቀ። የመኪና ባትሪ ስስ ስስ የእርሳስ ዝርግ ነው ያለው፣ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት አውጥቶ ወዲያው እንዲሞላ ነው የታሰበው። የሶላር ባትሪ ዝርጉ ወፍራም ነው፣ ቀስ ብሎ መውጣትን ይችላል። የእኛው ባዶውን ከሁለት ወር በላይ ተቀመጠ። ባዶ ባትሪ ሲቀመጥ በዝርጎቹ ላይ የሚፈጠረው የእርሳስ ሰልፌት ይጠጥርና ቻርጅ ቢደረግም አይሟሟም። ታኅሣሥ ላይ የ2014ን ገና ለማክበር ሰው ወደ ላሊበላ ሲመጣ የአጎቴ መኪና ሸራ ለብሶ ቆመ። ቢያበድሯቸውም በሰው ባትሪ ስንት ቀን ይሠራሉ? ግማሹ ሲቀር፣ ማለትም 12.2 ቮልት ሲደርስ አቁመን ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር። መለኪያ አልነበረንም። ቢኖረንም እናቆም ነበር ወይ ብትሉኝ፣ እኔ እንጃ።

እንግዲህ ባትሪው ደክሞ ከተገኘስ? ላሊበላ ቁልቁለት ስለሆነች መጀመሪያ የሚታሰበው ስፒንታ ነው። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪስዮን ረግጦ፣ መኪናው ሲንደረደር መልቀቅ። ሁለት ነገር ግን አትርሱ። ሞተር ካልተነሳ ፍሬኑም መሪውም ይጠጥራል፣ በእኛ ዳገት ደግሞ ይህ ገደል ነው። ሌላው፣ ባትሪው ፈጽሞ የሞተ ከሆነ የናፍጣ ሞተርም በስፒንታ አይነሳም፣ ነዳጁን የሚከፍተው በኤሌክትሪክ ነውና።

ከሌላ መኪና በኬብል ለመውሰድ ቀዩ ገመድ መጀመሪያ ከሞተው ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ ከደህናው ፖዘቲቭ ይታሰራል። ጥቁሩ ከደህናው ኔጌቲቭ ይጀምርና መጨረሻው በሞተው መኪና የሞተር ብረት ላይ፣ ከባትሪው ራቅ ብሎ ይያዛል። ባትሪ የሚፈነዳ ጋዝ ስለሚያወጣ የመጨረሻዋ ብልጭታ አጠገቡ እንዳትሆን ነው። ፊታችሁንም መልሱ፣ ሲጋራም አይጨስ። እንደ ላስታ ባለ አገር መንገድ ላይ የሚገኘው ረዳት ብዙ ጊዜ አይሱዙ ነው። አይሱዙ ሁለት ባትሪ በተከታታይ ስለሚያስር 24 ቮልት ነው። አባዱላ 12 ነው። በቀጥታ ካገናኛችኋቸው ባትሪውም ሊፈነዳ፣ የመኪናው ኤሌክትሮኒክስም ሊቃጠል ይችላል። ሹፌሩ «ችግር የለውም» ቢልም ችግር አለው።

ከተነሳ በኋላ ሰዓት ያህል መንዳት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን መብራት ባለበት በዝግታ ቻርጅ ማድረግ ነው፣ ከመጠኑ አንድ አሥረኛ በሆነ አምፔር፣ ለ70 ማለትም በ7። ሞልቶ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ በቴስተር 12.6 ካሳየ ደህና ነው። 10.5 አካባቢ ከሆነ ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ሞቷል፣ ገንዘብ አታባክኑበት። ጣሪያ ላይ 20 ዋት የሶላር ሳህን ከነመቆጣጠሪያው ያለው ሰው ደግሞ በጋውን ሙሉ ባትሪውን ሞልቶ ማቆየት ይችላል፣ በሐምሌ ጭጋግ ግን ብዙ አትጠብቁ።

አጎቴ አሁን ቴስተር ገዝተዋል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሸራውን ይገልጣሉ፣ ኔጌቲቩ እንደተፈታ ይለካሉ፣ ቁጥሩንም በጠመኔ ግድግዳው ላይ ይጽፋሉ። በወር አንዴ ናፍጣ ከተገኘ ገመዱን አስረው ይነዱታል። ወደ ግቢ ልመለስ ስነሳ የመጨረሻው ቁጥር 12.5 ነበር።