ብረት ሲደክም፦ ስለ አሮጌ የብረት ድልድዮች ስንጥቅ

ከአዘዞ ተነሥቶ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጎ ጎርጎራ የሚወርደው መንገድ የደንቢያን ሜዳ አቋርጦ ያልፋል። ክረምት ገብቶ መገጭና ድርማ ሲሞሉ ድልድይ ምን እንደሚጠቅም ለደንቢያ ልጅ መንገር አያስፈልግም። ሽምብራውና ሽንኩርቱ ገበያ የሚደርሰው፣ ምጥ የያዛት እናት ጎንደር ሆስፒታል የምትገባው በድልድይ ላይ ተሻግሮ ነው። ዛሬ የምንማረው ለዓመታት መኪና ሲያሳልፍ የኖረ የብረት ድልድይ በአንድ ተራ ቀን፣ በለመደው ጭነት፣ ለምን ሊሰነጠቅ እንደሚችል ነው። ጉዳዩ የመሐንዲስ ብቻ አይደለም። መኪና የሚጭን ነጋዴ፣ የሚነዳ ሾፌር፣ በድልድዩ ሥር ከብት የሚያጠጣ ልጅ ሁሉም ድርሻ አላቸው።

ድንጋይና ብረት

የጎንደር ሰው ከድልድይ ጋር የተዋወቀው በድንጋይ ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1626 ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች የተሠራው የአላታ ድልድይ አራት መቶ ዓመት ያህል ዕድሜ አለው፤ ዛሬም ሰውና ከብት ይሻገርበታል። በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው፣ ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኝ የነበረው ስባራ ድልድይም የተሰበረው ሸክም በዝቶበት አይደለም። ጣሊያን እንዳይሻገር አርበኞች ሆን ብለው አፈረሱት። በኋላ ተጠግኖ ሲያገለግል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 የዓባይ ጎርፍ መታው።

እነዚህ ድልድዮች ረጅም ዕድሜ ያገኙበት ምክንያት ቅርጻቸው ነው። ቅስት ላይ ሸክም ሲያርፍ ድንጋዮቹ እርስ በርስ ይጨቋቆናሉ። መጨቆን ስንጥቅን ይዘጋል። ጠፍጣፋ የብረት ድልድይ ግን ሌላ ጠባይ አለው። መኪና መሀሉ ላይ ሲደርስ ተሸካሚው ብረት በጥቂቱ ይጎብጣል፤ የላይኛው ጠርዙ ይጨቆናል፣ የታችኛው ጠርዙ ይሳባል። መኪናው ሲያልፍ ወደ ቦታው ይመለሳል። ብረት መሳብን ከድንጋይ እጅግ በተሻለ ይችላል፤ ሰፊ ወንዝ በቀጭን አካል ለመሻገር የተመረጠውም ለዚህ ነው። ይሁንና መሳብ ስንጥቅን ይከፍታል። የድልድዩ ሆድ በየመኪናው ይሳባል፣ ይለቀቃል፣ እንደገና ይሳባል።

ድካም

ሽቦ በእጃችሁ ደጋግማችሁ ብታጥፉ ይበጠሳል። ሁላችሁም አድርጋችሁት ታውቃላችሁ። ነገር ግን ሽቦው በእያንዳንዱ እጥፋት ቅርጹን ይለውጣል፤ ድልድይ እንዲህ አይደለም። መኪና ካለፈ በኋላ ብትለኩት አንዲት ሚሊሜትር አልተዛባም። ጤነኛ ይመስላል። ይህ ነው የብረት ድካምን አስቸጋሪ ያደረገው።

ምስጢሩን በሚገባ የመረመረው አውጉስት ቮለር የተባለ ጀርመናዊ የባቡር መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1850ዎቹ ጀምሮ የባቡር ዘንጎች ከባድ አደጋ ሳይደርስባቸው በድንገት እየተቆረጡ ስላስቸገሩ፣ ዘንጎችን በመሣሪያ እያዞረ ለረጅም ጊዜ ፈተነ። የባቡር ዘንግ ከእግሩ ጋር አብሮ ስለሚዞር፣ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ያው የብረት ጎን አንዴ ይሳባል፣ አንዴ ይጨቆናል። ቮለር ያገኘው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ብረት በአንድ ጊዜ ከሚሰብረው ኃይል በጣም ባነሰ ኃይልም ይሰበራል፣ ኃይሉ በበቂ ሁኔታ ከተደጋገመ። ሁለተኛ፣ ከኃይሉ መጠን ይልቅ የሚጎዳው በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለው ልዩነት ነው። የራሱ የድልድዩ ክብደት ሁልጊዜ ስላለ አይለዋወጥም። የሚለዋወጠው የመኪናው ነው።

ስንጥቁ ሲጀመር በዓይን አይታይም። በአንድ መኪና የሚያድገው ከፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ለዓመታት እንዲህ ይሄዳል። እየረዘመ ሲመጣ ግን ጫፉ ላይ የሚከማቸው ኃይል ስለሚጨምር ፍጥነቱም ይጨምራል፤ የመጨረሻው ክፍል በቀናት፣ አንዳንዴም በአንድ ቅጽበት ያልቃል። ከዕድሜው አብዛኛውን ያሳለፈው ገና ትንሽ ሳለ ስለሆነ፣ ቶሎ ካልተገኘ ኋላ ለማግኘት የሚቀረው ጊዜ አጭር ነው።

አንድ ሲኖትራክ ስንት ሚኒባስ ያህላል?

በብየዳ ለተሠሩ ብረቶች መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት ሕግ ቀላል ነው፤ ጉዳቱ በተለዋዋጩ ኃይል በሦስተኛ ደረጃ ያድጋል። ደብተር አውጡና አስሉት። አንድ መኪና ከተፈቀደለት አንድ ጊዜ ተኩል ቢከብድ፣ 1.5 × 1.5 × 1.5 ማለት 3.4 ያህል ነው። አንድ ምልልሱ የሦስት ሕጋዊ መኪኖችን ጉዳት አልፎ ሄዷል ማለት ነው። እጥፍ ቢከብድ 2 × 2 × 2፣ ስምንት። በተቃራኒው የአንድ ከባድ ተሳቢ አንድ አሥረኛ የሚመዝን ሚኒባስ የሚያደርሰው ጉዳት ከአንድ ሺህ አንዱን እጅ ብቻ ነው። ባጃጅና ሰው ጭራሽ አይቆጠሩም።

ይህን ስሌት ደጋግሜ ለተማሪዎቼ የማሠራው ስለምጨነቅ ነው። ከመተማ ወደ አዘዞ ሰሊጥ የጫነ ተሳቢ ይወጣል፤ ሲሚንቶና ድንጋይ የጫነ ሲኖትራክ በየአቅጣጫው ይሄዳል። "አንድ ጊዜ ጭኜ ባልፍ ምን ይሆናል?" የሚል ሾፌር በአንድ በኩል ልክ ነው፤ ድልድዩ ያን ቀን አይወድቅም። ጉዳቱ ግን ተመዝግቧል። ብረት ዕረፍት አግኝቶ አያገግምም፤ የተጎዳው እንደተጎዳ ይቀመጣል። የክብደት መቆጣጠሪያ ሚዛን የሚቆመው ለአስፋልቱ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ለድልድዩም ነው።

የሚጀምርበት ቦታ

ስንጥቅ ሜዳ ላይ፣ ለስላሳ ላሜራ መሀል አይጀምርም ማለት ይቻላል። የሚመርጠው ኃይል የሚታፈንበትን ጠርዝ ነው፦ የብየዳ ጫፍ፣ የቡሎን ቀዳዳ፣ ወፍራም ብረት በድንገት የሚቀጥንበት ቦታ፣ በጋዝ ነበልባል ተቆርጦ ሸካራ የቀረ ጥግ። ብየዳ ሲበርድ የሚኮማተር ስለሆነ ብረቱን ውጥር አድርጎ ይዞት ይቀራል፤ መኪና ሳያልፍበት በፊትም ያ ቦታ ተስቦ ነው ያለው። በብየዳው ውስጥ አረፋ ወይም ያልተዋሐደ ቦታ ከቀረ ደግሞ ስንጥቁ ተወልዶ ነው ሥራ የሚጀምረው።

ዝገት ሁለት ዓይነት ክፋት አለው። ብረቱን ያቀጥናል። እንዲሁም መንቀሳቀስ ያለበትን ያቆመዋል። ድልድይ በፀሐይ ይረዝማል፣ በሌሊት ያጥራል፤ ለዚህም ጫፉ ላይ የሚንሸራተት ማረፊያ ወይም የሚዞር ፒን ይደረግለታል። ፒኑ በዝገት ከታሰረ እንቅስቃሴው ወደ ጎረቤት ብረት ይተላለፋል፤ ለመሸከም እንጂ ለመጣመም ያልተሠራው ብረት ይጣመማል።

በአገራችን ከመንገድ ድልድዮች አብዛኞቹ የአርማታ ናቸው። "የብረት ድልድይ" ስንል ብዙ ጊዜ የምናየው ቤይሊውን ነው። ይህን ድልድይ እንግሊዛዊው ዶናልድ ቤይሊ እ.ኤ.አ. በ1940 እና 1941 የነደፈው ለጦርነት ነው። አንዱ ፍሬም 3 ሜትር ያህል ርዝመትና 260 ኪሎ ያህል ክብደት አለው፤ ስድስት ሰው ተሸክሞ በፒን ያጋጥመዋል። ያለ ክሬን፣ በቀናት ውስጥ ወንዝ ያሻግራል። በጎርፍ የተወሰደን ድልድይ ለመተካት ከዚህ የተሻለ የለም፤ ብዙ ወረዳዎቻችን በእሱ ከመቆራረጥ ድነዋል። ነገር ግን ታንክ ለጥቂት ወራት እንዲያሳልፍ የታሰበ አካል ነው። በፍሬሙ የታችኛው ብረት ላይ ማወጠሪያ ዘንግ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፤ ለድካም ስንጥቅ ከሚታወቁት ቦታዎቹ አንዱ ያ ነው። ለጊዜው ተብሎ የተተከለ ቤይሊ ለዓመታት ሲቆይ፣ ቢያንስ ያን ቀዳዳና ፒኖቹን በየጊዜው ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሰው ሊመደብለት ይገባል።

ሁለት ድልድዮች በአሜሪካ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 15 ቀን 1967፣ ለገና ገበያ ሰው በሚበዛበት የማታ ሰዓት፣ በኦሃዮ ወንዝ ላይ የነበረው ሲልቨር ብሪጅ በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ወደቀ። 46 ሰው ሞተ። ድልድዩ በ1928 የተሠራ ሲሆን፣ የተንጠለጠለው ጫፋቸው ቀዳዳ ባለው ረጃጅም የብረት ዘንጎች ሰንሰለት ላይ ነበር። በአንዱ ዘንግ ቀዳዳ ውስጥ፣ ጥልቀቱ 2.5 ሚሊሜትር ያህል የሆነ ስንጥቅ ነበረ። በየመገጣጠሚያው የነበሩት ዘንጎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ሲበጠስ ሌላው ብቻውን አልቻለም፣ ድልድዩ ሁሉ ተከትሎት ሄደ። ስንጥቁ ያለበት ቦታ መገጣጠሚያው ካልተፈታ በስተቀር በማንም ዓይን አይታይም ነበር። ከዚያ አደጋ በኋላ አሜሪካ በ1971 ለመላ አገሪቱ የድልድይ ፍተሻ ደንብ አወጣች፤ መደበኛው ፍተሻ በየሁለት ዓመቱ ሆነ። የንድፍ ትምህርቱም ተለወጠ፤ አንዱ ቢበጠስ ሸክሙን የሚቀበል ሌላ መኖር አለበት።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ያስቆጣኛል። በሜምፊስ ከተማ ሚሲሲፒን የሚሻገረው ሄርናንዶ ዴ ሶቶ ድልድይ በ1973 የተከፈተ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 2021 ለሌላ ሥራ የሄዱ ፈታሾች ዋናው አግዳሚ ብረት በአብዛኛው ተቆርጦ አዩ። ወዲያው ደውለው መኪና አስቆሙ፤ ድልድዩ ለሦስት ወር ያህል ተዘጋ። መነሻው ሲሠራ ጀምሮ የነበረ የብየዳ ጉድለት ነበር። በኋላ ሲጣራ ስንጥቁ ከዓመታት በፊት በተነሡ ፎቶዎች ላይ ይታያል። በመሀሉ ፍተሻ ተደርጓል፣ ቅጽ ተሞልቷል፤ ተመልካቹ ግን ያንን ብረት ሳያየው አልፏል፤ ከሥራውም ተሰናበተ። በየቀኑ 40 ሺህ ያህል መኪና ያልፍበት የነበረ ድልድይ ነው። ማንም አለመሞቱ የሚያስመሰግነው ከሁሉ በፊት ፈጣሪን ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ

አየራችን በአንድ ነገር ረድቶናል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መንገድ ላይ በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነው ጨው ድልድይ በልቶ ይጨርሳል፤ ኃይለኛ ብርድም ብረትን ተሰባሪ ያደርጋል። በደጋውም ሆነ በደንቢያ ይህ የለብንም። ስለዚህ የእኛ ብረት ላይ ክብደትና ድግግሞሽ ከዝገት እኩል፣ አንዳንዴም በላይ ሊያስጨንቀን ይገባል።

ሌላው የእኛ ጠላት ከታች ነው። በዓለም ላይ ድልድይ ከሚጥሉ ምክንያቶች ቀዳሚው ጎርፍ የምሰሶውን መሠረት ቦርቡሮ ማውጣቱ ነው። ደንቢያ ላይ ደግሞ ዋልካው አለ፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ይኮማተራል። አንድ ምሰሶ ጥቂት ሴንቲሜትር ቢሰምጥ፣ በላዩ ያለው ብረት ንድፉ ላይ ያልነበረ ኃይል ይሸከማል። ስለዚህ ብረቱን የሚፈትሽ ሰው መሠረቱን ሳያይ መሄድ የለበትም።

ድልድይ ከመድከሙ በፊት ምትክ መሥራት እንደሚቻል አገራችን አሳይታለች። በዓባይ በረሃ በ1940 ዓ.ም. ገደማ የተሠራው የአርማታ ድልድይ ወደ 60 ዓመት ካገለገለ በኋላ፣ በጃፓን ድጋፍ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ ጳጉሜን 5 ቀን 2000 ዓ.ም. ተተካለት። በባሕር ዳርም 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል። በሌላ በኩል ከደባርቅና አዲ አርቃይ ወደ ሽሬ የሚያሻግረው የተከዜ ድልድይ በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ወር መጨረሻ በጦርነቱ ሲፈርስ፣ ድልድይ ሲጠፋ መድኃኒትና እህል እንዴት እንደሚቆም በግልጽ ታይቷል።

ፍተሻና ጥገና

ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ራሱን የሚያሳየው በቀጭን ቡናማ መስመር ነው። ጠርዞቹ እየተፋተጉ የሚወጣው ዱቄት ከርጥበት ጋር ዝገት ሆኖ ይፈስሳል። የተሰነጠቀ ቀለም፣ የላላ ዳዶ፣ ጭንቅላቱ የጠፋ ቡሎን፣ መኪና ሲያልፍ የሚሰማ አዲስ የብረት ጩኸት ሁሉም ምልክት ናቸው። ባለሙያ ከተጠራጠረ ቦታውን አጽድቶ ቀይ ፈሳሽ ይቀባዋል፤ ይጠርገውና ነጭ ዱቄት ይነፋበታል፤ ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ቀይ ቀለም ተመልሶ በዱቄቱ ላይ ይወጣል። ውስጥ ለተደበቀው አልትራሳውንድ አለ፤ ሐኪም ቤት እርጉዝ ሴት የምትታይበት ዓይነት የድምፅ ሞገድ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። ስንጥቅ አይታችሁ በያጅ ጠርታችሁ አታስደፍኑ። በላዩ የተደረበ ብየዳ ስንጥቁን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ አያድነውም፤ አዲስ ውጥረትና አዲስ ጠርዝ ይጨምርበታል። መሐንዲሶች መጀመሪያ የሚያደርጉት የሚያስገርም ነው፤ በስንጥቁ ጫፍ ላይ ክብ ቀዳዳ ይበሳሉ። የስንጥቅ ጫፍ እጅግ ስለታም ስለሆነ ነው ኃይል የሚከማችበት፤ ክብ ሲሆን ኃይሉ ይበተናል፣ እድገቱ ይገታል ወይም ይዘገያል። ቀዳዳው ጫፉን ከሳተ ግን ምንም አልተሠራም። ከዚያ በኋላ በሁለቱም ወገን ላሜራ ተደርቦ በጠንካራ ቡሎን ይታሰራል፤ እስኪያልቅም ከባድ መኪና ይከለከላል።

እናንተ በድልድይ ሥር ስታልፉ ምልክቱን ካያችሁ አትንኩት። የትኛው ድልድይ፣ በየትኛው ወገን፣ ከጫፉ ስንተኛው ብረት ላይ እንደሆነ ጻፉ። ስልክ ካላችሁ አጠገቡ እስክሪብቶ ይዛችሁ ፎቶ አንሡት፤ እስክሪብቶው ለርዝመቱ መለኪያ ይሆናል። ቀኑንም መዝግቡ። ከዚያ ለወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤት ስጡ። ዋናው አውራ ጎዳና ከሆነ ጉዳዩ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ስለሆነ ወረዳው ያስተላልፈዋል። ከወር በኋላ ተመልሳችሁ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው እስክሪብቶ፣ ሁለተኛ ፎቶ ብታነሡ ለመሐንዲሱ ከሁሉ የሚበልጠውን መረጃ ሰጣችሁት፦ ስንጥቁ እያደገ መሆን አለመሆኑን።