ያረጁ ፈረሶችን በተሳቢ ስለ ማጓጓዝ

ፈረስ በመኪና ተሳቢ ተጭኖ ሲሄድ ያየው ሰው ያለ ድካም የሚጓዝ ይመስለዋል፡፡ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፡፡ መኪናው በፈጠነ፣ በቆመና በታጠፈ ቍጥር ፈረሱ ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲታገል ይውላል፡፡ ዕድሜው 20 ዓመት ያለፈና መገጣጠሚያው የታመመ ፈረስ ደግሞ ይህ ሥራ ከወጣቱ ይልቅ ይከብደዋል፡፡

ከሁሉ የሚከፋው ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ፈረሱ ካሰቡበት ከደረሰ በኋላ ነው፡፡ ፈረስ በመተንፈሻው የገባውን አቧራና አክታ የሚያስወግደው ራሱን ወደ መሬት ዝቅ በማድረግ ነው፡፡ ራሱ ከፍ ብሎ ባጭር ገመድ ታስሮ ብዙ ሰዓት የተጓዘ እንደ ሆነ ግን አክታው መውጫ አጥቶ ይከማቻል፤ ከዚህም የተነሣ ሐኪሞች የጉዞ ትኩሳት የሚሉት የሳንባ በሽታ ይመጣል፡፡ በእርጅና በሽታን የመከላከል ኀይሉ የቀነሰ ፈረስ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው፡፡

ስለዚህ አጓጓዡ የሚከተሉትን ይጠብቅ ዘንድ ይገባዋል፡፡

አንደኛ፤ ከጉዞው በፊት ፈረሱን የእንስሳት ሐኪም ይመርምረው፡፡ የሚያስል ወይም ትኩሳት ያለው ፈረስ አይጫን፡፡ የተሳቢው ወለል እንዳልበሰበሰ ይታይ፤ እንዳያንሸራትትም የላስቲክ ምንጣፍ ይነጠፍበት፡፡

ሁለተኛ፤ ገመዱ ፈረሱ ራሱን ዝቅ ለማድረግ የሚበቃው፣ እግሩ ግን የማይጠላለፍበት ይሁን፡፡ ነፋስ በሚገባ ይግባ፤ አቧራው እንዳይነሣ ድርቆሹ በውሃ ይራስ፡፡

ሦስተኛ፤ በየ4 ሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሞ ገመዱን ማላላትና ውሃ ማቅረብ ያስፈልጋል፡፡ ጥርሱ ያለቀ ፈረስ ድርቆሹን አድቅቆ ስለማያኝክ፣ ውሃ ሲያንሰው ምግቡ በአንጀቱ ደርቆ ብርቱ የሆድ ቁርጠት ያመጣበታል፡፡

አራተኛ፤ ከደረሰ በኋላ 3 ቀን ያህል ሙቀቱ ጧትና ማታ ይለካ፡፡ ከ38.5 ዲግሪ ያለፈ እንደ ሆነ ሳይዘገዩ ሐኪም መጥራት ነው፡፡

የአውሮፓ ኅብረት ቍጥር 1/2005 ደንብ ፈረሶች በረጅም ጉዞ ቢበዛ በየ8 ሰዓቱ ውሃ እንዲያገኙ፣ ጉዞውም ከ24 ሰዓት እንዳያልፍ ይደነግጋል፡፡ ይሁን እንጂ ይህ የሕግ የመጨረሻ ወሰን ነው እንጂ ላረጀ ፈረስ የሚበጅ ልክ አይደለም፡፡ ሕጉን ጠብቆ የተጓዘ ነጋዴም ፈረሱን ሊያጣ ይችላል፡፡ በመንገድ ላይ ለዕረፍት የሚውለው ግማሽ ሰዓት ከሐኪም ወጪና ከፈረሱ ዋጋ ጋር ሲመዛዘን እጅግ ትንሽ ነው፡፡